ማሳደጊያ የገባ ልጅ የማን ልጅ ነው?

በበዓል ዋዜማ ዳቦ፣ ልብስና ደብተር ይዞ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ልጆቹን አብልቶና አጫውቶ ሲመለስ ስለ ወላጆቻቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ሞተዋል ብሎ ስለሚገምት፣ በሕይወት ካሉም ልጁን ካስረከቡበት ቀን ጀምሮ ነገሩ እንዳበቃ ስለሚያስብ። ይህን ግምት ራሳቸው ወላጆቹም ይጋሩታል። ልጁን ለድርጅት የሰጠ አባት «አሁን የመንግሥት ልጅ ነው» ሲል፣ እናትየዋ ደግሞ «ከእንግዲህ ምን መብት አለኝ» ብላ እስከ ማሳደጊያው በር መሄድ ስታፍር መስማት የተለመደ ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ አባትየው ስለ ግዴታው፣ እናትየዋ ስለ መብቷ። ይህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ሕግ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የእስልምና ሸሪዓ ማሳደጊያ ውስጥ የሚኖር ልጅን ከወላጆቹ ጋር የሚያስተሳስሩበትን መንገድ በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ማሳደጊያ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ የሙት ልጅ ነው?

አይደለም። የአማርኛ ቃላችን ራሱ እዚህ ላይ ያሳስተናል። «የሙት ልጅ» ስንል ስለ ሞት እናወራለን፤ «ወላጅ አልባ» ስንልም ወላጅ ጨርሶ የሌለው ልጅ ማለታችን ነው። በማሳደጊያዎች ውስጥ ያለው እውነታ ግን ከቃሉ ይሰፋል። ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕፃናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ፣ በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ 5 ልጆች ቢያንስ 4ቱ አንድ ወላጃቸው ወይም ሁለቱም በሕይወት እንዳሉ አስታውቋል።

ልጆቹ ወደ ማሳደጊያ የሚገቡባቸው ምክንያቶች የተለያዩ ናቸው። እናት ትታመማለች፤ ወይም ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ትሄድና ልጁን የተቀበለችው አያት ይደክማታል። አባት ሌላ ሚስት ያገባና ልጁ በእንጀራ እናት ቤት ቦታ ያጣል። ከጋብቻ ውጭ የወለደች ወጣት የዘመድን ዓይን ትፈራለች። ልጁ አካል ጉዳተኛ ይሆንና በሠፈሩ የሚረዳው አገልግሎት አይገኝም። ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ድህነት አለ።

ስለዚህ ስለ ወላጆች ኃላፊነት ስንነጋገር በመጀመሪያ ሦስት ዓይነት ልጆችን መለየት ይገባል። ሁለቱም ወላጆቹ የሞቱበት አለ፤ መንገድ ላይ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጥሎ የተገኘና ወላጆቹ የማይታወቁ አለ፤ ወላጁ በሕይወት ያለና የሚታወቅ ደግሞ አለ። ከዚህ በታች የሚነገረው በአብዛኛው ሦስተኛውን ይመለከታል። እስልምና ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ በቃላት ለይቶታል፦ «የቲም» የሚባለው ለአካለ መጠን ከመድረሱ በፊት አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፤ ወላጁ ሳይታወቅ ተጥሎ የተገኘው ደግሞ «ለቂጥ» ይባላል። አባቱ በሕይወት ያለ ልጅ የትም ይኑር የት፣ የቲም አይደለም።

ልጅን ለማሳደጊያ መስጠት ወላጅነትን ያቋርጣል?

አንድ የገጠር ልጅ ለትምህርት ከተማ አክስቱ ቤት ቢላክ፣ አክስቱ ታበላዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ሲያጠፋ ትቆጣዋለች። ይሁንና ልጁ «የአክስቱ ልጅ ሆነ» የሚል የለም፤ አባቱም የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጠየቅ «አሁን የእኔ አይደለም» ቢል ጎረቤት ይታዘበዋል። ማሳደጊያም በሕግ ዓይን እንዲሁ ነው። የሚረከበው የልጁን የዕለት ጥበቃ ነው፤ ወላጅነቱን አይደለም። አማርኛ ለዚህ የታወቀ ቃል አለው፦ አደራ። አደራ ተቀባይ ይጠብቃል እንጂ ባለቤት አይሆንም።

የሕጉን መሠረት ያየን እንደሆነ፣ እናትነት የሚረጋገጠው በመውለድ ብቻ ነው። አባትነት ደግሞ በጋብቻ ወይም ሕግ በሚያውቀው ያለ ጋብቻ አብሮ መኖር፣ በአባትየው በራሱ መቀበል ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ ይረጋገጣል። አንድ ጊዜ የተረጋገጠ ወላጅነት ከድርጅት ጋር በሚፈረም ወረቀት፣ በቀበሌ ደብዳቤ ወይም በቃል ስምምነት አይፈርስም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ ኃላፊነት ያለባቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እዚያው አንቀጽ ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ሰፍሯል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ ከወላጁ ተለይቶ የሚኖር ልጅ፣ ግንኙነቱ ለእርሱ የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት አለው።

እዚህ ላይ «ሕፃን» የሚለው ቃል በሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሁሉ እንደሚያጠቃልል ልብ ይሏል። የ16 ዓመት ጎረምሳን ሕፃን ማለት ለጆሮ ቢከብድም፣ ጥበቃው እስከዚያ ድረስ ይዘልቃል።

በልጁ ላይ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው?

የቤተሰብ ሕጉ ሁለት ቃላትን ለይቶ ይጠቀማል፤ በአፍ ግን እናደባልቃቸዋለን። «አሳዳሪ» ማለት ልጁ የት እንደሚኖር፣ ጤናው እንዴት እንደሚጠበቅና ምን እንደሚማር የሚወስነው፣ ማለትም ስለ ልጁ አካልና አስተዳደግ የሚያስበው ሰው ነው። «ሞግዚት» ደግሞ የልጁን ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድረው፣ በስሙ የሚከሰውና የሚከሰስለት ነው። (በየቤቱ ልጅ የምትጠብቀዋን ሞግዚት ስለምንላት ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ሲሄድ ይህ ቃል ግራ ያጋባዋል።) አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ሁለቱም በጋራ አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው። አንደኛው ቢሞት ወይም ሥልጣኑ በፍርድ ቤት ቢነሳ፣ ሌላኛው ብቻውን ይይዛል። ሁለቱም ከሌሉ ሕጉ ወደ አያቶች፣ ወደ አካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደ አጎቶችና አክስቶች ይሄዳል።

ልጁ ማሳደጊያ በመግባቱ ብቻ ይህ ሥልጣን ከወላጁ አይወጣም። ድርጅቱ ስለ ዕለት ኑሮው ይወስናል፤ ስለ ትልልቅ ጉዳዮች ግን፣ ለምሳሌ የልጁን ውርስ ስለ መሸጥ ወይም ለጉዲፈቻ ስለ መስጠት፣ ወላጅ በሕይወት ሳለ እንደሌለ ተቆጥሮ ሊታለፍ አይገባውም። ወላጁ ልጁን የሚጎዳ ሆኖ ከተገኘ ሥልጣኑን የሚያነሳው ፍርድ ቤት ነው፤ የማሳደጊያው ሥራ አስኪያጅ አይደለም። ደግሞም አንድ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ፤ ሥልጣን የተነሳበት ወላጅ ከቀለብ ግዴታ ነፃ አይወጣም። መወሰን ቀረ እንጂ ማብላት አልቀረም።

ማሳደጊያው እያበላው ወላጅ ቀለብ ይከፍላል?

«ቀለብ» በሕግ ቋንቋ ከእህል ይሰፋል። ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ፣ ሕክምናና ትምህርት ሁሉ ቀለብ ነው። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህን ግዴታ በቀጥታ መስመር በሚዛመዱ ሰዎች መካከል ይጥላል፤ ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ወላጅ፣ እስከ አያት ድረስ። ወንድሞችና እኅቶችም አሉበት። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን መሠረቱ ተቀራራቢ ነው።

መጠኑ የሚወሰነው በሁለት ሚዛን ነው፤ የተቀባዩ ችግርና የሰጪው አቅም። ሸክም እየተሸከመ በቀን የሚያገኛትን የሚበላ አባትና የመኪና ነጋዴ አባት እኩል አይጠየቁም፤ አቅም ሲቀየርም ውሳኔው ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ለጥያቄው መልሱ «እንደ አቅሙ፣ አዎን» ነው። የማሳደጊያው ለጋሾች ልጁን ማብላታቸው በጎ ሥራ ነው እንጂ የአባትየውን ዕዳ መክፈላቸው አይደለም። በተግባር ማሳደጊያዎች ከወላጅ ገንዘብ ለመጠየቅ እምብዛም አይሞክሩም፤ አብዛኞቹ ወላጆች አቅም የሌላቸው ስለሆኑ። ነገር ግን አቅም እያለው ልጁን በማሳደጊያ ያኖረ አባት «አልተጠየቅሁም» ማለቱ ግዴታውን አያጠፋውም።

አባትየው «የእኔ ልጅ አይደለም» ቢልስ? በዚህ ጊዜ ከቀለቡ በፊት አባትነቱ ይረጋገጣል። ፍርድ ቤት አባትነትን በውሳኔ ሊያስታውቅ የሚችልባቸው ሁኔታዎች በሕጉ ተዘርዝረዋል፤ ልጁ በተፀነሰበት ጊዜ እናትየው ተጠልፋ ወይም ተደፍራ እንደሆነ፣ በማታለል ወይም «አገባሻለሁ» በሚል ተስፋ ተገናኝቷት እንደሆነ፣ አባትየው አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ ጽፎ እንደሆነ፣ በሕግ የታወቀ ግንኙነት ሳይኖራቸው አብረው ይኖሩ እንደነበረ፣ ወይም እንደ አባት ሆኖ ለልጁ ቀለብና አስተዳደግ አስተዋጽኦ አድርጎ እንደሆነ። አባትነቱን በፈቃዱ የሚቀበል አባት ግን ክስ አያስፈልገውም፤ ለክብር መዝገብ ሹም (ልደት፣ ጋብቻና ሞት ለሚመዘግበው ሹም) በሚሰጥ ቃል፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ መቀበል ይችላል።

ወላጅ በውጭ አገር ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ሪያድ ወይም ቤሩት ያለች እናት ገንዘብ ብትልክ እንኳ በየት በኩል፣ በማን እጅ እንደሚደርስ ያስጨንቃታል። የሕፃናት መብቶች ስምምነቱ በሌላ አገር ካለ ወላጅ ቀለብ የሚገኝበትን መንገድ አገሮች እንዲያመቻቹ ያዛል፤ በተግባር ግን ውሳኔን ከድንበር ማዶ ማስፈጸም ከባድ ነው። ለእናትየዋ የቀለለው መንገድ ከማሳደጊያው ጋር በቀጥታ መገናኘት፣ አድራሻዋን በልጁ መዝገብ ማስፈርና በስልክም ቢሆን ድምፅዋን ማሰማት ነው።

ልጅን ለማሳደጊያ መስጠት ወንጀል ይሆናል?

በችግር ምክንያት፣ በሚመለከተው የመንግሥት አካል በኩል፣ ማንነትን ሳይደብቁ እርዳታ መጠየቅ ወንጀል አይደለም። ልጅን መንገድ ላይ፣ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ወይም ለሕይወቱ በሚያሰጋ ቦታ ጥሎ መሄድ ግን ወንጀል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ግራጫ ቦታም ሕጉ አልረሳውም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቤተሰብ ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች በሚደነግግበት ክፍል ሁለት ነገሮችን ያስቀጣል። አንደኛው፣ በቂ ምክንያት ሳይኖር በሕግ የሚገባን ቀለብ መከልከል ነው። ሁለተኛው ለእኛ ርዕስ ይበልጥ ይቀርባል፤ በልጁ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ለጥቅም ብሎ ወይም ግዴታውን ችላ ብሎ ልጁን ቢተወው፣ ወይም በአካሉ ወይም በሥነ ምግባሩ ላይ አደጋ እንደሚደርስበት እያወቀ ወይም መገመት እየቻለ ለረጅም ጊዜ ለሌላ ሰው ወይም ድርጅት ቢሰጠው ይቀጣል።

ስለዚህ ወላጅ ልጁን የሚያስረክብበትን ድርጅት የማጣራት ግዴታም አለበት። ፈቃድ አለው ወይ? ማን ይጎበኘዋል? ልጆች ይማሩበታል ወይስ ይሠሩበታል? «ደላላው ጥሩ ቦታ ነው አለኝ» የሚለው መልስ ከተጠያቂነት የሚያድን አይመስለኝም።

ጉዲፈቻስ?

የወላጅን ኃላፊነት በእውነት ወደ ሌላ ሰው የሚያዛውረው ይህ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሰፋ አድርገን ማየት አለብን።

ቃሉ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው። በባህሉ የጉዲፈቻ ልጅ የአሳዳጊዎቹ ሙሉ ልጅ ይሆናል፤ የተወለደበትም ቤት አይደበቅበትም። በሌሎች አካባቢዎችም ጣት በማር ተነክሮ የሚጠባበት የ«ጡት ልጅ» ሥርዓት ነበረ፤ እርሱም ዝምድና ይጨምራል እንጂ የቀደመውን አይሰርዝም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 183 ይህንኑ መንፈስ ይዟል። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደተጠበቀ ይቆያል፤ ከሁለቱ መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። የቀለብ ግዴታም እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጉዲፈቻ አድራጊው ነው፤ እርሱ አቅም ካጣ ብቻ ጥያቄው ወደ ወለዱት ይመለሳል።

ጉዲፈቻ ያለ ወላጅ ፈቃድ በቀላሉ አይሆንም። አንቀጽ 191 እንደሚለው አባትና እናት በሕይወት ካሉና ከታወቁ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። አንደኛው ቢሞት ወይም ባይታወቅ የሌላኛው ይበቃል። አንደኛው እንቢ ካለና ልጁ 10 ዓመት የሞላው ከሆነ ደግሞ፣ ፍርድ ቤቱ የሌላኛውን ወላጅና የልጁን ሐሳብ ሰምቶ ስምምነቱን ሊያጸድቅ ይችላል። ማሳደጊያዎች በእጃቸው ያለን ልጅ ለጉዲፈቻ መስጠት ቢፈቀድላቸውም፣ የልጁን ማንነትና እንዴት እጃቸው እንደገባ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው። ያለ ፍርድ ቤት ማጽደቅ ስምምነቱ ዋጋ የለውም።

አንድ ትልቅ አለመግባባት የተፈጠረው በዚህ ቦታ ነበር። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሚደረግ ጉዲፈቻ በተስፋፋበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ልጆች ሲሄዱ፣ ብዙ ወላጆች የፈረሙት በባህላቸው የሚያውቁትን ጉዲፈቻ መስሏቸው ነበር። ልጁ ሄዶ ይማራል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አድጎ ይመለሳል ብለው ነበር። በተቀባዩ አገር ሕግ ግን ጉዲፈቻ ማለት የቀድሞውን ወላጅነት ፈጽሞ መቁረጥ ነው። አንድ ቃል በሁለት አገር ሁለት ትርጉም ነበረው፤ መሐል ላይ ያሉት አስተርጓሚዎችም ሁልጊዜ አላስረዱም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ አገር ዜጎች የሚደረገውን ጉዲፈቻ አስቀርቷል። ከዚያ በኋላ በማሳደጊያ ላሉ ልጆች የቀሩት መንገዶች የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ የአደራ ቤተሰብ (ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ) እና ከራሳቸው ቤተሰብ ጋር መልሶ መቀላቀል ናቸው፤ የወላጅ ኃላፊነት ጥያቄም በዚያው መጠን ከበደ።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ልጅ የእግዚአብሔር አደራ ነው፤ አደራውን የተቀበሉትም አባትና እናት ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት ለቤተ ሰቡ የማያስብን ሰው ሃይማኖቱን እንደካደ ይቆጥረዋል። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ቃል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንዲያውም ጽድቅን ሰበብ ማድረግ እንኳ አይፈቀድም። በ4ኛው መቶ ዓመት በጋንግራ የተሰበሰበው ጉባኤ፣ የሕግ መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥት ከምንጮቹ ከሚቆጥራቸው ጉባኤያት አንዱ፣ በተባሕትዎ (በብሕትውና ኑሮ) ስም ልጆቹን ትቶ የሚሄድንና የማያሳድግን ሰው አውግዟል። ለጸሎት ብሎ ልጁን መጣል የማይፈቀድ ከሆነ፣ ለሌላ ምክንያት የሚፈቀድበት በር በጣም ጠባብ ነው።

በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያን ልጅን ለሌላ ቤት አሳልፎ መስጠትን ሁሉ እንደ ኃጢአት አታይም። ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን በሦስት ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ ማስገባታቸውን በየዓመቱ ታኅሣሥ 3 ቀን፣ በዓታ ለማርያም ብለን እናከብራለን። የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐናም ልጇን በስዕለት ለቤተ መቅደስ ሰጥታለች። ስለ እርሷ የተጻፈች አንዲት ትንሽ ዝርዝር ግን ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ናት፦ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ለልጇ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። መደረቢያውን በየዓመቱ የምትሠራ እናት የልጇን ቁመት ታውቃለች ማለት ነው። ልጁን ሰጠችው፤ እናትነቷን ግን አልሰጠችም።

ወላጅ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚፈለገው የክርስትና አባት ወይም እናት ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የተቀበላቸው ሰው መንፈሳዊ ወላጅነትን ተቀብሏል፤ «አበልጅ» የሚለው ዝምድናም ከዚህ የመጣ ነው። አበልጅ የሕግ ግዴታ የለበትም፤ የኅሊና ግዴታ ግን አለበት። ወላጆቹን ላጣው ልጅ ደግሞ ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ልጅ የሌለው ምእመን እንደ ልጁ ወስዶ እንዲያሳድገው ይመክራል። በገዳማትና በአድባራት ሥር የሚገኙ ማሳደጊያዎችም ከዚህ ትምህርት የበቀሉ ናቸው።

እስልምናስ?

በሸሪዓ ለልጅ የሚገባው ወጪ «ነፈቃ» ይባላል፤ በመጀመሪያ የሚጠየቀውም አባት ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ (2፥233) ስለ ማጥባት ሲናገር የእናትየዋ ምግብና ልብስ በአባትየው ላይ እንደሆነ፣ ማንም ከአቅሙ በላይ እንደማይገደድና አባት ከሌለ ግዴታው ወደ ወራሹ እንደሚሸጋገር ያስቀምጣል። አንድን ሰው ኃጢአተኛ ለመሆን የሚያስተዳድራቸውን መጣሉ ብቻ እንደሚበቃው የሚናገር ሐዲሥም አለ። የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ባሏ በቂ ወጪ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት ስትል፣ ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃውን በአግባቡ ከገንዘቡ እንድትወስድ ነግረዋታል። ከዚህ የምንረዳው የልጅ ወጪ ከአባት የሚገኝ ችሮታ ሳይሆን የልጁ መብት መሆኑን ነው።

የዚህን ክብደት በዘካ፣ ማለትም ግዴታ በሆነው ምጽዋት፣ ማየት ይቻላል። በሊቃውንቱ ትምህርት አንድ ሰው ወጪያቸው ግዴታው ለሆነ ልጆቹ ዘካውን መስጠት አይችልም፤ የራሱን ዕዳ በዘካ እንደ መክፈል ይሆንበታልና። በዚሁ መንገድ ብናስበው፣ ልጁ ያለበትን ማሳደጊያ በሰደቃ የሚረዳ አባት የልጁን ነፈቃ ከፈልኩ ሊል አይችልም።

የዕለት እንክብካቤው «ሐዷና» ይባላል፤ ልጁ ትንሽ ሳለ እናት ትቀድማለች፤ እርሷ ካልቻለች እንደ መዝሀቡ (እንደ ሕግ ትምህርት ቤቱ) አያትና ሌሎች ሴት ዘመዶች ይከተላሉ። ማሳደጊያ የሚታሰበው ይህ ሰንሰለት ሲያልቅ ነው። ጉዲፈቻን በተመለከተ ሱረቱል አሕዛብ (33፥4-5) ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዛል፤ ስለዚህ የዘር ሐረግን የሚቀይር ጉዲፈቻ አይፈቀድም። በምትኩ «ከፋላ» አለ፤ ልጁን ወስዶ ማሳደግ፣ ስሙንና ዘሩን ግን እንዳለ መተው ነው። አሳዳጊው ሊያወርሰው ከፈለገ እስከ ንብረቱ አንድ ሦስተኛ በኑዛዜ መስጠት ይችላል። የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 ከፋላን በስሙ ጠርቶ ከአማራጭ እንክብካቤዎች አንዱ አድርጎ ይቀበለዋል።

ሙስሊም ቤተሰብ የቀለብና የአሳዳሪነት ክርክሩን የት ይዞ ይሄዳል ለሚል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከተስማሙ በሃይማኖታዊ ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተቋቁመዋል። አንዱ ወገን ካልተስማማ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ልጁ በማን ሃይማኖት ያድግ?

ይህ ጥያቄ በየማሳደጊያው በዝምታ ያልፋል። የሙስሊም ልጅ በክርስቲያን ድርጅት፣ የኦርቶዶክስ ልጅ በሌላ እምነት ድርጅት ሊያድግ ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይገልጻል፤ ይህ መብት በማሳደጊያ በር ላይ አይቀርም። የሕፃናት መብቶች ስምምነቱም ከቤተሰቡ ለተለየ ልጅ እንክብካቤ ሲመረጥ የሃይማኖቱ፣ የባህሉና የቋንቋው ቀጣይነት እንዲታሰብ ያዛል። ስለዚህ ልጅ የሚያስረክብ ወላጅ ሃይማኖቱን በመዝገብ ማስፈር አለበት፤ ተቀባዩም መጠየቅ አለበት።

ወላጅ ሐሳቡን ቀይሮ ልጁን መልሶ መውሰድ ይችላል?

በመሠረቱ ይችላል፤ እንዲያውም የሚፈለገው ይኸው ነው። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. ያወጣችው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያን ከአማራጮች ሁሉ የመጨረሻው አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀል ቅድሚያ አለው። የተባበሩት መንግሥታት ተመሳሳይ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት ይናገራል።

ይሁን እንጂ የወላጅ መብት ፍጹም አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አንድ ጉዳይ አይቶ ነበር። እናት ሞታለች፤ ልጅን ያሳደገችው አክስት ናት፤ ለብዙ ዓመታት ያልተንከባከበው አባት መጥቶ በሕግ አሳዳሪው እኔ ነኝ አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች በቤተሰብ ሕጉ ቃል መሠረት ለአባትየው ፈረዱለት። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል በማለት ውሳኔያቸውን ሻረው። ከማሳደጊያ ልጁን ለመውሰድ የሚመጣ ወላጅም የሚለካው በዚሁ ሚዛን ነው፤ ዘሩ አይጠየቅም፤ ልጁን በምን ሁኔታ እንደሚያሳድገው ይጠየቃል እንጂ።

በተግባር መቀላቀሉ በአንድ ቀን አይሆንም። የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ቤቱን ያያል፤ ወላጁ በተደጋጋሚ ይጎበኛል፤ ልጁ ቅዳሜና እሑድ እየሄደ ያድራል፤ ከዚያ በኋላ ይሸኛል፤ ከተሸኘም በኋላ ክትትሉ ይቀጥላል። ለዓመታት ሳይጠይቅ የቆየ ወላጅ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ቢሸሸው መደንገጥ የለበትም። በየወሩ ስልክ ይደውል የነበረው ግን ብዙውን መንገድ አስቀድሞ ሄዷል።

መልሶ መውሰድ ለማይቻለው ወላጅ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መዝገቡ ነው። በልጁ ፋይል ውስጥ የአባቱና የእናቱ ሙሉ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ወረዳና ቀበሌ፣ የዘመዶች ስልክ፣ ሃይማኖቱ፣ ከተገኘም አንድ ፎቶ ግራፍ መቀመጥ አለበት። 18 ዓመት ሞልቶት ከማሳደጊያው የሚወጣው ወጣት የልደት ምስክር ወረቀት ሲያወጣ፣ ውርስ ሲጠይቅ ወይም ለማግባት አስቦ ሽማግሌ ሲልክ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።